የጋሽ አጽብሃ አምስተኛ ምርጫ

ራሕዋ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ሦስት ጊዜ አጉልታ አየችው። ከጋሽ አጽብሃ ስም ፊት ያለው ቁጥር አልተለወጠም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

«እርግጠኛ ነህ ግን? የኛ ምርጫ ጣቢያ ነው?»

«ፋዘር የ2013 ምርጫ አስፈጻሚ ነበር አልኩሽ እኮ» አለ የክፍሏ ልጅ ዮአብ። «በሩ ላይ የተለጠፈውን ውጤት ያኔውኑ ነው ያነሳው። በቃ፣ ጻፊውና ከአሳይመንቱ እንገላገል። ልላክልሽ?»

የሥነ ዜጋ መምህራቸው ያዘዘቻቸው የምርጫ ክልላቸውን ታሪክ እንዲጽፉ ነው። ለራሕዋ ታሪኩ ጎረቤቷ ነው። ጡረተኛው መምህር ጋሽ አጽብሃ ከ97 ጀምሮ አራት ጊዜ በግል ተወዳድረው አራቱንም ተሸንፈዋል። አብረው የሚኖሩበት ግቢ ሰው ልጅ የሚያስጠናው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ያውም በነጻ። ታዲያ ማን ደፍሮ «አልመረጥኩዎትም» ይበላቸው? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለ። በየምርጫው ማግስት ሃያ ሦስቱም የግቢው መራጮች ተራ በተራ እየገቡ «እኛስ ለእርስዎ ነው የሰጠነው» ይሏቸዋል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የነዚያ የኡራኤል ማዶዎቹ ነው።

ራሕዋ ቤት ስትደርስ ጋሽ አጽብሃ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ለአምስተኛው ምርጫ የድጋፍ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ግማሹ ካዛንቺስ ፈርሶ ሰው ስለተበተነ ጠዋት በዚያ በታመመ እግራቸው እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር ወርደው ነበር። እናቷ ማሚት እየፈረመች ነው።

«እንደ ባለፈው ሁላችንም ለእርስዎ ነን፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እናንተ ባትኖሩ ድሮ ትቼው ነበር።» ወደ ራሕዋ ዞሩ። «ታሪካችንን እየጻፍሽ ነው አሉ። ባለፈው የኛ ጣቢያ ስንት ሰጠኝ? እኔ ሄጄ አይቼ አላውቅም። ካመንኩት ሰው አፍ የሰማሁትን ወረቀት ላይ ምን ልፈልግ?»

የማሚት እጅ ቀጥ አለ። ዓይኖቿ ልጇን ለመኗት። ራሕዋ በእናቷ ተናደደች፤ ሽማግሌው አንጀቷን በሏት። ብትዋሽ ነገም በዚያ እግር ሊዞሩ ነው። ዮአብ የላከላትን ፎቶ ከፍታ ስልኳን ሰጠቻቸው።

ጋሽ አጽብሃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«አንድ» አሉ። «እሱ የኔ ነው።»

 የፊርማውን ወረቀት ወደ ማሚት ገፋ አደረጉላት፤ ቁጣ የለባቸውም።

«እንግዲህ አንቺው ሰርዢልኝ።»

ማሚት አንገቷን ደፍታ ስሟን ሰረዘች። ሊነሱ ሲሉ ራሕዋ ክንዳቸውን ያዘች።

«ተይኝ የኔ ልጅ፣ ብቻዬን መሄድ ልልመድ» አሉና ወጡ።

ራሕዋ ጫማዋን አጥልቃ ከኋላቸው ተከተለች።