የእሳቱ ድርሻ

ልሳኑ ልጅ ሳለ በአባቱ ብረት ቤት ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምቷል። አንደኛው አባቱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ማን እንደነበር ጠፍቶበታል። «ለእሳቱም ድርሻውን ተውለት እንጂ!» ይላል አንዱ። ሌላው ይስቃል። ከዚያ ወዲያ የተባለውን የመዶሻው ጩኸት ውጦታል። ልጁም እሳት ደግሞ ምን ድርሻ አለው ብሎ ገርሞት ነበር።

አሁን ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። ጨረቃ ላይ፣ በሰሜኑ ዋሻ፣ ብቻውን መኖር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሥራው የአየር ወፍጮውን መጠበቅ ነው፤ ድንጋይ ፈጭቶና አቅልጦ የሚተነፈስ አየር የሚያወጣውን መሣሪያ። ማንም አላስተማረውም፤ ጆሮውን በወፍጮው ሆድ ላይ እየለጠፈ ነው ጠባዩን ያወቀው።

በሁዳዴ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወፍጮው አንዴ አቃሰተና ቆመ። የትልቁ ማርሽ ጥርሶች ረግፈዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብረት አብቃዩ፣ ከአፈር የፈለጉትን የብረት ዕቃ የሚያወጣው ማሽን፣ በሰዓት ውስጥ አዲስ ይሰጠው ነበር። እሱም ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል። ዕቃ ጫኟ መርከብ የምትመጣው ከሃያ ቀን በኋላ ነው። በቋቱ ያለው አየር የአሥራ ሁለት ቀን ብቻ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ጮኸ። እዚያ ፀሐይ አንዴ ከወጣች ሁለት ሳምንት አትጠልቅም፤ ስለዚህ በጾም ወራት የደቡቡ ዋሻ ጠባቂ ትርንጎ ሰዓቱን ትጠራለታለች፤ ሁለቱም እህል የሚቀምሱት ያኔ ነው። በመካከላቸው አርባ ኪሎ ሜትር አለ። ፊቷን አይቶ አያውቅም።

«ዘጠኝ ሆኗል ጋሼ ልሳኑ፤ ብላ።»

«ወፍጮዬ ቆመ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መኪናህን አስነሳና ና። የኔ ወፍጮ ለሁለት ሰው ይበቃል።»

«የሰው አየር አልሻማም።»

«ኧረ በናትህ! ርስት መሰለህ እንዴ?»

«ማርሽ መቁረጫ እሠራለሁ» አላት።

ሠራም። ከአሮጌ መሰላል እንደ መቀስ የሚተጣጠፉ ክንዶች አወጣ። በአንዱ ጫፍ ያለው የብረት ጣት የሚቀዳውን አብነት ጠርዝ ይዞ ሲዞር፣ በሌላው ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ ነበልባል ያንኑ መንገድ በላሜራው ላይ ይደግማል። አብነቱ አሮጌው ማርሽ ነው፤ የረገፉትን ጥርሶች በሰም ሞላቸው። ነበልባሉ ግን የሚነፋው በአየር ነው። አንድ ቆረጣ የሁለት ቀን እስትንፋስ ይበላል።

ቅዳሜ አማተበና ቆረጠ። ማርሹ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ሲገጥመው ግን እንደ ሌላ ሰው ጫማ ላላ፤ ጥርሶቹ ሳይነክሱ ዝም ብሎ ዞረ። የቀረው የስድስት ቀን አየር ነው።

«ልኩን ነው የቆረጥኩት» አላት በዘጠኝ ሰዓት። «አንዲት ፀጉር አላለፍኩም።»

«ልኩን ከሆነ ለምን ላላ?»

ሬዲዮውን ዘግቶ የወፍጮውን ዝምታ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ያ የድሮው ድምፅ የመጣው፤ «ለእሳቱም ድርሻውን ተውለት እንጂ!» ነበልባል ወርድ አለው! ባለፈበት ሁሉ ብረቱን ይበላል፤ ድርሻው ካልተተወለት ከዕቃው ላይ ይወስዳል። ልሳኑ ብቻውን ሳቀ። የአብነቱን ጠርዝ የነበልባሉን ወርድ ግማሽ በሚያህል ቆርቆሮ አለበሰና እንደገና ቆረጠ። ማርሹ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፤ ወፍጮው ማጉረምረም ጀመረ።

«ተመስገን» አለ። ሬዲዮውን ከፍቶ ማይክሮፎኑን ወደ ወፍጮው አስጠግቶ፣ «ትሰሚያለሽ?»

«እሰይ!» አለች ትርንጎ። ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንግዲህ እነዚህን ልልቀቃቸው?»

«ምኖቹን?»

«የአየር በርሜሎቹን። ከማክሰኞ ጀምሮ ወፍጮዬን ከልኩ በላይ እያስፈጨሁ ስሞላቸው ነበር። ስምህን ጽፌባቸዋለሁ፤ ስትመጣ ተሻማሁ እንዳትል።»

ልሳኑ ቤቱን ዞር ብሎ አየው። አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ፣ የአንድ ሰው አልጋ። ዘጠኙን ዓመት ሁሉ ኑሮውንም ልኩን ነበር የቆረጠው፤ አንዲት ፀጉር አላለፈም። ሰው ከድንጋይ አየር ማውጣት ከቻለ ስንት ዘመኑ ነው፤ አርባ ኪሎ ሜትር ሄዶ የጎረቤት በር ማንኳኳት ግን ይኸው ዳገት ሆነበት።

«አትልቀቂያቸው» አላት። «ለፋሲካ እመጣለሁ።»

«የምርህን ነው?»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በማይለይ ድምፅ፣ «ወንበር እኮ ያለኝ አንድ ነው» አለች።

«ሁለተኛውን ቆርጬ አመጣለሁ» አለ ልሳኑ።