ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን

ጓድ አለኸኝ የሚያውቀው የጥገና ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ በጥፊ መምታት። የአቶ አድማሴ ቴሌቪዥን ምስሉ የጠፋ ዕለት አመሻሽ ላይ በካኪ ልብሱ ከቀበሌ መጣና የሣጥኑን ጎን በመዳፉ ደጋግሞ መታው። ድምፁ እንደ ልማዱ ያወራል፤ መስተዋቱ ግን ጥቁር ነው።

የአቶ አድማሴ ልጅ ታይቱ ከጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። እንግዲህ የሚያገባት ይህ ሰው ነው። ቴሌቪዥን ለማየት እያለ በየምሽቱ ሲመላለስ ከርሞ፣ አባቷ ለጥምቀት ሽማግሌ እንዲልክ ፈቅደውለታል። ወረታ ከተማ ውስጥ ቀበሌን ለማስቀየም የሚደፍር ነጋዴ የለም።

ስለዚህ ታይቱ በዚያው ቀን ማንም ሳያያት የቴሌቪዥኑን የብርሃን ማስተካከያ ቁልፍ ወደ ጨለማው አዙራው ነበር። ቁልፉ ከመስተዋቱ በስተቀኝ፣ ከዳንቴሉ ጠርዝ ሥር ነው። ዳንቴሉን የሠራችው ራሷ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ እናኑ የልጃቸውን ሙያ እንግዳ ሁሉ እንዲያይላቸው ቴሌቪዥኑን አልብሰውታል። ዳንቴሉን የነካ ወዮለት።

አባቷ ሶኬቱን ነቅለው ሰኩ። አለኸኝ አንቴናው የታሰረበትን የባሕር ዛፍ ምሰሶ አንዴ ወደ ጎንደር፣ አንዴ ወደ ባሕር ዳር አዞረ። ከቁሐር ሚካኤል የመጣ ዘመድ ደግሞ በሬ የሚገዛ ይመስል ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። ድምፁ ጥርት ብሎ እየመጣ አንቴና ማዞር! ታይቱ ሁሉንም ናቀቻቸው።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግነው፣ ከይፋግ ከተማ የመጣው ወጣት አንለይ ተጠራ። እሱንም ገና ሲገባ ናቀችው። የገዛ ቀዳዳ እጅጌውን ያላሰፋ ሰው ምን ሊጠግን ነው?

አንለይ ድምፁን አዳመጠና ሶኬቱንም አንቴናውንም ተዋቸው። ከዚያ የዳንቴሉን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። ቁልፉን አየ። ቀና ብሎ ታይቱን አየ። አሁን ይናገራል፣ አለቀልኝ አለች በልቧ።

አንለይ ዳንቴሉን መለሰው።

«ጋሼ፣ ይህ ጊዜ ይፈልጋል። እየመጣሁ አየዋለሁ» አለ።

እየመጣም አየው። የጀርባውን ክዳን ይፈታል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ መልሶ ይገጥማል። ወይዘሮ እናኑ እራት ያቀርቡለታል፤ ታይቱ ታስታጥበዋለች። ሲታጠብ አቀርቅሮ ነው፤ ሲጨርስ ግን ቀና ብሎ ያያታል። ያቺ እይታ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ትበቃት ጀመር። ቀዳዳ እጅጌውን ሳይቀር ወደደችው።

ጓድ አለኸኝ ጥቂት ምሽት ጥቁሩ መስተዋት ፊት ተቀምጦ አዛጋ። ከዚያ ቀረ። ጥምቀት ሲደርስ ሽማግሌ የላከው ከገበያው ማዶ፣ የሚሠራ ቴሌቪዥን ወዳለው ነጋዴ ቤት መሆኑ ተሰማ።

ታይቱ ሳቀች፤ ቀጥሎ ተናደደች። ያን ሁሉ ጊዜ ስትንቀው የከረመችው ሰው የፈለገው ሣጥኑን እንጂ እሷን አልነበረም። ለካ መናቅ ያወቀበት እሱ ነው።

በማግስቱ ምሽት አንለይ መጣ። እናቷ ጓዳ ናቸው፤ አባቷ ደጅ ከገበሬዎች ጋር ይከራከራሉ። ታይቱ ዳንቴሉን ገፍፋ ቁልፉን አዞረችው። መስተዋቱ ቦግ አለ፤ አንድ ባለ ካኪ ስለ ዘመቻ ይናገራል።

«ይኸው ተሠራልህ» አለችው። «ከእንግዲህ ምን ልታይ ትመጣለህ?»

አንለይ ወደ ምስሉ ዞር እንኳ አላለም።

«ጠፍቶ ሳለስ ምን ለማየት ነበር የምመጣው?»

ታይቱ ዳንቴሉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። የአባቷ ድምፅ ወደ በሩ ሲቃረብ ጠጋ አለችው።

«ለፋሲካ ሽማግሌ ላክ» አለችው በሹክሹክታ። «እጅጌህን ግን አስቀድመህ አሰፋው።»