የሙሐሲን እጮኛ

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ሰው አለ?»

ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥግ የያዘው ልጅ አልሰማኝም። ኢርፎን ሰክቷል። ጎንበስ ብዬ ስጠጋው ከኢርፎኑ የሴት ድምፅ ሾልኮ ተሰማኝ፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ቀና ብሎ ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ። ኢርፎኑን መንጭቆ አወጣና ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምነው? ፍቅረኛህ ናት እንዴ?» አልኩት ለቀልድ።

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «እ... አዎ። ማለቴ... እጮኛዬ ናት።»

ሙሐሲንን የተዋወቅኩት እንዲህ ነው። ሁለታችንም አስተማሪ ለመሆን የምንማር፣ ኮሌጅ ልንጨርስ የደረስን ተማሪዎች ነበርን፤ አንድ ክፍል የደረሰን ግን ገና ያን ሰሞን ነው። በዚያው ሳምንት መምህርት ጀማነሽ «በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ፣ ለአስተማሪ የሚሆኑ መሣሪያዎች ፈልጉ። ሥራችሁን ለማደራጀትም፣ ለመማርም። ራሳችሁ ሞክራችሁ ክፍል ውስጥ አቅርቡ» ብለው ጥንድ ጥንድ አድርገው መደቡን። ለእኔ የደረሰኝ ባለ እጮኛው ነው።

እኔ ነገር ማደራጀት እወዳለሁ። እናቴ «ረውዳ የቅመም ዕቃ እንኳ ተሰልፎ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም» ትላለች። ነጻ የተባለውን አፕ ሁሉ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ከትምህርት በኋላ ካዛንቺስ፣ ዋይፋይ ያለው ካፌ ጥግ ይዘን አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ የጥያቄና መልስ ጨዋታ፣ የቃላት ካርድ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የሚጽፍበት ሰነድ፣ ካላንደር። ካላንደሩን የጋራ አደረግነው። ለትምህርት ሰማያዊ፣ ለፈተና ቀይ፣ ለሶላት አረንጓዴ ቀለም ሰጠሁ።

«እጮኛህስ? ስሟን ንገረኝ፣ እሷንም እናስገባት።»

«ስሟ?... ሳምራ።»

«የት ናት?»

«ሐዋሳ።»

በሮዝ ቀለም «ሳምራ ጋ ደውል» ብዬ ለየምሽቱ ሞላሁለት። ከልቤ ነበር ወላሂ። ያኔ ገና አልወደድኩትም።

መቼ እንደወደድኩት አላውቅም። ሙሐሲን ስታወሩት የሚሰማ ሰው ነው። ሌላው ወንድ የራሱ ተራ እስኪደርስ ነው የሚጠብቀው፤ እሱ ግን አንድ ቃል አይጥልም። ባለፈው ሳምንት ያልኩትን ቃል በቃል ይደግምልኛል። አባቱ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ሱቁን ትቶ ለምን አስተማሪነትን እንደመረጠ ጠየቅኩት።

«ክፍል ውስጥ የሚያፍር ልጅ አለ አይደል? ከኋላ የሚቀመጥ። ለእሱ ብዬ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ይህን የሚል ሰው እንዴት አይወደድም?

ከዚያ በኋላ ያ ሮዝ ቀለም ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። ስልኬ ላይ «ሳምራ ጋ ደውል» የሚለው ማስታወሻ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኩን እገለብጠዋለሁ። ደውሎ ይሆን? ምን አለችው? አንድ ቀን «በረሳው» ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ቀን ባሰብኝና «ቢጣሉስ?» አልኩ። ያውም ለሶላት ልቆም ስል! አፈርኩ። የማላውቃት፣ ምንም ያልበደለችኝ ሴት ናት። በእህቴ ላይ ሌላ ሴት እንዲህ ብትመኝስ? እናቴ ፊት ቀና ብዬ መብላት አቃተኝ።

አንድ ከሰዓት ካፌው ውስጥ የምናቀርበውን ጽሑፍ ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት። «ተራህ ነው፣ አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ሳያየው መለሰልኝ። «አንቺ አንብቢው። ድምፅሽን መስማት ደስ ይለኛል።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን ሰውነቴ ሁሉ በእፍረት ጋለ።

«እጮኛ ያለው ሰው እንዲህ አይልም» አልኩት።

«ረውዳ፣ እኔ... ማለቴ... እንደዛ ለማለት ፈልጌ አይደለም...»

«ሳምራ ብትሰማ ምን ትላለች?»

ኢርፎኑን ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። ባለጌ ነው ብዬ ደመደምኩ። የባሰ ያፈርኩት ግን በራሴ ነው፤ በዚያች ደቂቃ «ሳምራን ትቻታለሁ» ቢለኝ ደስ ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ በጋራ ሰነዱ ላይ እየተጻጻፍን እንጨርስ። በቃ፣ መገናኘት አያስፈልግም።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ዓይኔን እንዳያየው እስከ ኡራኤል በእግሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የምጽፍለት ደረቅ ደረቁን ነበር። «ወንድም ሙሐሲን፣ ሁለተኛውን ክፍል አስተካክል።» «ወንድም ሙሐሲን፣ ሥዕሉ ይነሳ።» እሱም በአንድ ቃል ይመልሳል፤ «እሺ።» «ተነስቷል።» ሌላ ነገር ጽፎልኝ ይሆናል እያልኩ ሰነዱን ከፍቼ አያለሁ። ምንም የለም። እጮኛው በቅታዋለች አልኩ፤ ደግሞ እንዲህ በማለቴ አፈርኩ።

የማቅረቢያችን ቀን ደረሰ። የምናሳየው የጥያቄና መልስ ጨዋታ የተዘጋጀው ሙሐሲን ስልክ ላይ ስለነበር፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ከክፍሉ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ስልኩ ግን ጨዋታውን ሳይከፍት፣ መሀል ላይ ያቋረጠውን ነገር ቀጠለ።

የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ለስላሳ፣ የማይቸኩል ድምፅ።

አወቅኳት። እሷ ናት! እጮኛው!

«ወንድም ሙሐሲን፣ ሁለተኛውን ክፍል አስተካክል» አለች ሳምራ። «ወንድም ሙሐሲን፣ ሥዕሉ ይነሳ።»

ቃሉ የእኔ ነው። እኔ የጻፍኩትን ነው የምታነበው።

«ይቺማ የስልክ ድምፅ ናት! አፕ እኮ ናት!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

መምህርት ጀማነሽ አልሳቁም። «ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ነው አይደል? በነጻ ነው ያገኘኸው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን ካቀረባችኋቸው ውስጥ የለም?»

ሙሐሲን ማምለጥ ይችል ነበር። «ረስቼው ነው» ቢል ያልፍለት ነበር። ግን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«አፍሬ ነው፣ ቲቸር» አለ። «እኔ ማንበብ ያቅተኛል። ፊደሎቹ... ይዘሉብኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ። እዚህ የደረስኩት እየሰማሁ ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው፣ የደበቅኩትም እሱን ነው።»

ሳቁ ቆመ። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ማንንም ሳልጠብቅ ወደ ታክሲ መያዣው ሮጥኩ።

«ረውዳ! ቁሚ፣ እባክሽ!»

ቆምኩ። «ሳምራ የለችም?»

«የለችም።»

«ሐዋሳስ?»

«ሐዋሳ ሄጄም አላውቅ።»

ልስቅ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። «እኔ እኮ የሰው ሴት በደልኩ ብዬ ሰግጄ አልቅሻለሁ! ለካ በአፕ ነው የቀናሁት?»

«ቀናሽ?» አለኝ፣ ዓይኑ ፈጦ።

«እሱን ተወው! ማንበብ ያቅተኛል ከምትለኝ፣ ሌላ ሴት አለችኝ ማለት ቀለለህ?»

«ቀለለኝ» አለ። «እጮኛ ባለው ሰው ማንም አይስቅም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቆመህ አንብብ ተባልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ድምፅሽን ካጣሁ በኋላ ደግሞ የጻፍሽውን እሷን እያስነበብኩ፣ እየደጋገምኩ ነበር የምሰማው...»

«ያን ስድብ?»

«ሌላ ምን ነበረኝ?» አንገቱን ደፋ። «አሁን አፈርሽብኝ አይደል?»

«አፍሬብሃለሁ። ማንበብ ስላቃተህ አይደለም። እኔ በራሴ አፍሬ ስቃጠል እያየህ ዝም ስላልክ ነው።»

«ይቅር በይኝ። ወላሂ ረውዳ... እወድሻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ያን ያህል የተመኘሁት ቃል፣ የታክሲ ረዳት ጆሯችን ሥር «ስታዲየም አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ተነገረኝ።

«እኔም ወድጄሃለሁ» አልኩት። «ይቅርታው ግን... አንተ ማንበብ ላይ ቀስ እንደምትለው፣ እኔም ይቅር ማለት ላይ ዘገምተኛ ነኝ። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ጠበቀኝ። አንዳንድ ቀን ደህና ስንጫወት ቆይተን ድንገት ትዝ ይለኝና «ሐዋሳ!» ብዬ እጮህበታለሁ። አይከራከረኝም፣ እስክጨርስ ይሰማኛል። ያንን አፕ ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ ራሱ መምህርት ጀማነሽን አስፈቅዶ ክፍል ፊት ቆሞ አሳየ። ከአቅራቢዎቹ ሁሉ ብዙ ጥያቄ የቀረበለት እሱ ነው።

መስከረም ላይ አንድ እሁድ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሊያስተምርበት ያሰበውን የልጆች ተረት ይዞ ነበር። ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። አንድ ቃል ላይ ቆመ። ታገለው። ተመልሶ ከመጀመሪያው ያዘው። የሚያልፉ ወጣቶች ዞር ብለው አዩትና ሳቁ።

መጽሐፉን ይከድነዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልከደነውም። ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሳ፣ ድምፁንም ሳይቀንስ እስከ ገጹ መጨረሻ ሄደ። ከዚያ ላቡን ጠረገ።

«ጨረስኩ» አለኝ።

«እኔም ጨረስኩ።»

«ምኑን?»

«ይቅር ማለቱን» አልኩት። «አሁን ሽማግሌ ላክ።»