የበሩ ኩላብ

ርዕሰ መምህርት ፊዴልማ ከመምህራን ማረፊያው በር ሥር ሞታ ተገኘች፤ ቀኝ እጇ በሩ ላይ ወዳለው ባዶ ኩላብ እንደተዘረጋ። ለውዝ ከቀመሰች አለርጂው የሚገድላት ሴት ነበረች። የሚያድናት መርፌ ከዚያ ኩላብ ተለይቶ አያውቅም፤ ሳጅን ብሪድ ግን ያገኘችው ከክፍሉ ማዶ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ጎልዌይ ላይ ዝናቡ አላባራም። ፊዴልማና ሁለቱ መምህራኗ የመጪውን ዓመት ዕቅድ፣ ከሒሳብ ትምህርቱ እስከ መርፌው ማስቀመጫ ድረስ፣ ሲነጋገሩበት ሰንብተው ዝለው ነበር።

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ ያመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለች ሳጅኗ።

«እኔ ነኝ» አለች ወጣቷ መምህርት ሶራካ። «ለውዝ የለበትም፣ ሳጅን። መንደሩ ግን ከወዲሁ ገዳይ ብሎኛል። ከእንግዲህ ማን ልጁን ይሰጠኛል?»

«ማን ቆረሰው?»

«ማንም። አባ ቲርናንን እየጠበቅን ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሻይ ብቻ ነው የጠጡት። ምክትላቸው ካሃል ነው ያፈላው፤ እኔ የማፈላውን ሻይ እግር የታጠበበት ውኃ ነው ይላል። ከዚያ አባን ልቀበል ወጣሁ።»

«መርፌውስ?»

«ልጆቹ እየነካኩት አስቸገሩ። ወደ ቁም ሳጥኑ ይዛወር ብለን ትናንት ተስማማን።»

የምክትሉ የካሃል ዓይኖች በድካም ቀልተዋል። «ፊዴልማ ራሷ ናት ትናንት ያዛወረችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ምስኪን፣ ረስታው ወደ በሩ ሮጠች። እኔ ወረቀት ሳባዛ ነበር፤ ይሄ ዕቅድ ማለቂያ የለውም።»

የቦርዱ ሰብሳቢ አባ ቲርናን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊዴልማ? ቦርዱ ሳያጸድቅ ወንበር አታነሳም! የቆመ ሰዓት ባትሪ ለመቀየር እንኳ እኔን ጠብቃለች።»

ሳጅኗ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ኬኩ እንዳለ ነው። ለውዙ የገባው በሻዩ ነው፤ ከፊዴልማ ስኒ የለውዝ ወተት ተገኝቷል። ሻዩን ያፈሉት እርስዎ ነዎት፣ ካሃል።»

«ወተቱን ማንም ሊጨምረው ይችላል።»

«መርፌውንስ? ፊዴልማ ራሳቸው አዛውረውት ቢሆን ወደ ቁም ሳጥኑ በሮጡ ነበር። ቦርዱ ግን ገና አላጸደቀም፤ ለእሳቸው መርፌው ዛሬም በሩ ላይ ነው። ያዛወረው ሰው በትናንቱ ስምምነት ሊሸፈን አሰበ። ራሷ አዛወረችው፣ በዓይኔ አየሁ ያሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ካሃል ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ክፍሌን ልትዘጋው ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ያስተማርኩበትን። ዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ለመለመን እንኳ ደክሞኝ ነበር።»

ወሰዱት። አባ ቲርናን ወደ ሶራካ ዞሩ።

«ለውዝ ለማይስማማቸው ልጆች አዲስ መርፌ ይመጣል። የት እናድርገው፣ ልጄ?»

ሶራካ ባዶውን ኩላብ አየች።

«ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰብ የለ፣ አባ? እስከዚያ እዚሁ፣ በሩ ላይ።»