«ወላሂ» የሌለው መልእክት

ዊዳድ የከሊድን መልእክት ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። «መጨነቅ አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ሐሙስ ይላካሉ።» ደሴ ፒያሳ፣ በአባቷ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆማለች።

መልእክቱ እንዲህ መድረቁ የራሷ ጥፋት ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ፍቅረኛዋ ከሊድና ወንድሟ ሁዘይፋ ቢስቲማ አብረው ተምረው ኋላ ተኳርፈዋል። ሁዘይፋ ስልኳን ማገላበጥ ይወዳል፤ የከሊድን አጻጻፍም ከመቶ ይለየዋል። ስለዚህ ከሊድን «ፊርደውስ» ብላ መዘገበችው፤ የሰው አጻጻፍ የሚለውጥ መተግበሪያም ስልኩ ላይ አስጫነችው። የጻፈውን ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው አስመስሎ ይልካል።

«ይቺ ፊርደውስ የቀበሌ ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፍልሽ?» ብሎ ሁዘይፋ ስቆባት ነበር። ያኔ እሷም ስቃለች።

ዛሬ ሳቅ የለም። ዓርብ የሐርቡ ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ አባቷ መልሷን ዛሬ ከዐስር ሶላት በፊት ይፈልጋሉ። ከሊድ ደግሞ ለሻይ ቀጠሮ እንኳ ሳይምል የማይቀጥር ሰው ነው። ያለ ወላሂ የሰጠው ቃል ምን ቃል ነው? መተግበሪያው ቆርጦት ነው ወይስ ልቡ ሸሽቶ? እንዳትደውል፣ ሥራ ሲገባ ስልኩን በር ላይ ያስረክባል።

አላስቻላትም፤ ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈረች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርድ ዱዓ አደረገች፤ ለመንገዱ ግን አልነበረም።

ከሊድ ለምሳ ሲወጣ አያትና ደነገጠ።

«ዊዳድ! ምን ሆነሽ ነው? አባባ ደህና ናቸው?»

«አንተ ነህ የጻፍክልኝ?»

ስልኩን አውጥቶ መተግበሪያው ከመለወጡ በፊት የጻፈውን አሳያት። «አብሽሪ ሆዴ፣ ወላሂ ሐሙስ አባቴ ሸሆቹን ይዞ ደሴ ይገባል። ወላሂ ወቢላሂ!»

መተግበሪያው አብሽሪውንም፣ ሆዴንም፣ ወላሂውንም አራግፎ ጥሎታል። ዊዳድ እፎይ ብላ አለቀሰች፤ በጠረጠረችው ደግሞ አፈረች።

«በአፍህ በለው» አለችው።

«ወላሂ!» አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ዐይኑን ከዐይኗ አላነሣም።

እዚያው ቆማ ደወለች።

«አባዬ፣ የሐርቡዎቹ ይቅሩብኝ። የምፈልገው ሰው አለ።»

«ማን ነው?»

ስሙን ስድስት ወር ደብቃዋለች። «ከሊድ ነው፣ የቢስቲማው» አለች ጮክ ብላ። «ሐሙስ ሽማግሌ ይልካል።»

ከሊድ ለመስማት ተጠጋ።

«ሁዘይፋ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በይ እሱን ለእኔ ተይው» አሉ አባቷ። «ያንቺዎቹ ሽማግሌዎች ግን ከሐሙስ እንዳያልፉ።»