የሚያበራው መንደፊያ

የተመራማሪው ስብሐት ሬሳ ከቁስቋም ማርያም በላይ ባለው የንብ ምርምር ማዕከል ግቢ፣ ክዳኑ ከተነሳ ቀፎ አጠገብ ተገኘ። ፊቱና አንገቱ አብጧል። አለርጂ ስላለበት የንብ መርዝ ሊገድለው እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ከኪሱ የማይለየው ነፍስ አድን መርፌ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ስትደርስ ቀፎ ጠባቂው ኢታና በካቴና ታስሮ ነበር።

«ክዳኑን አልነካሁትም» አለ። «ጠዋት ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ዓይኑን ከደንኩለትና ጮህኩ፣ በቃ።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ወልዱ። አንድ ቦታ መቆም አልቻለም፤ ወዲያ ወዲህ እያለ የኮቱን እጅጌ ያራግፋል። «ቀፎዎቹ የእሱ ኃላፊነት ናቸው።»

ሰርካለምም አላረፈችም። ሬሳውን ዞረችው፣ ተንበረከከች፣ ተነሳች፣ ተመልሳ ተንበረከከች። የጫማው ተረከዝ ጭቃ ጠግቧል፤ ሶሉ ግን ንጹሕ ነው። ተጎትቶ እንጂ በእግሩ አልመጣም።

የስብሐት የሥራ ባልደረባ ናዝሬት ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ስብሐት ምን ይሠራ ነበር?» አለቻት ሰርካለም።

«በመስታወት ክፍሉ ተዘግተው የሚኖሩት የሙከራ ንቦች ላይ ነበር የምንሠራው። አንጀታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከበሽታ እንዲጠብቃቸው እንቀይረዋለን። ፕላዝሚድ የሚባል የዘረመል ቀለበት እናስገባበታለን። ቀለበቱ የገባበት ባክቴሪያ በሰማያዊ መብራት ሲታይ አረንጓዴ ያበራል።»

«የውጪዎቹስ?»

«አያበሩም። የክፍሉ ንቦች እንዳያመልጡ ስብሐት እንቅልፍ አልነበረውም። ዶክተር ወልዱ ለገበሬዎች እናከፋፍል ሲሉ፣ ‹ሳይፈተሽ ከወጣ አመለክታለሁ› አላቸው። ትናንት ተጯጯሁ።»

«የክፍሉ ቁልፍ?»

«እሱ፣ እኔና ዶክተር ወልዱ ጋ።»

ወልዱ ሲጠየቅ ፈጠን ብሎ መለሰ፤ «ያንን ክፍል እግሬ ረግጦት አያውቅም። ንብ እፈራለሁ።»

ከቀትር በኋላ ሰርካለም ሬሳው ወደ ገባበት ጨለማ መጋዘን ሁሉንም ጠራች። የናዝሬትን ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪና ብርሃኑን የሚያጣሩ ብርቱካናማ መነጽሮች አመጣች።

«ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ባክቴሪያው ካለበት የአንጀቷ ጫፍ ጋር ተቆርጦ ይቀራል» አለችና ባትሪውን አበራች።

የስብሐት አንገት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ፈኩ። ናዝሬት አፏን በእጇ ያዘች።

«ሁሉም ያበራሉ። ከኢታና ቀፎዎች አንዲት ንብ እንኳ አልነደፈችውም። የሞተው መስታወት ክፍሉ ውስጥ ነው። ከዚያ ጎትተው አመጡት፤ ኢታና ላይ እንዲላከክም ክዳኑን አነሱ። ኢታና ቁልፍ የለውም። ናዝሬት ሽሮ ሜዳ እህቷ ቤት ማደሯን አረጋግጫለሁ።»

ባትሪውን ወደ ወልዱ እጅጌ አዞረች። እዚያም ጥቃቅን አረንጓዴ ነጥቦች ነበሩ።

«የንብ ኩስ ነው፤ ባክቴሪያው አብሮ ይወጣል።»

«ከ... ከውጪዎቹ ይሆናል።»

«የውጪዎቹ አያበሩም፣ ዶክተር።»

ወልዱ ግድግዳውን ተደገፈ። «የክፍሉን የንብ ሳጥን ብቻ ነው የከፈትኩት። እ... ማለቴ፣ ላስፈራራው ብዬ...»

«መርፌውን ከወሰዱበት በኋላ?»

 ካቴናው ከኢታና እጅ ተፈትቶ ወደ እሱ ተዛወረ።

«የስብሐት እናት የሚኖሩት ቀጨኔ ነው» አለች ናዝሬት በቀስታ። «እስካሁን ማንም አልነገራቸውም።»

 ኢታና ካቴናው የላጠውን የእጅ አንጓውን እያሸ ቀና አለ።

«እኔ እሄዳለሁ። ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳገኘሁት ይጠይቁኛል።»

ሰርካለም የመኪናዋን የጋቢና በር ከፈተችለት።