የመምህር ምናሴ የመጨረሻ ጦማር

መምህር ምናሴ በሐይቁ ዳር ባለው ኮሌጅ፣ ትምህርቱን በሚቀርጽባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የካሜራው ብረት ማቆሚያ ወድቋል፤ ብረቱ ላይ ደም ደርቋል። ዕለቱ እሑድ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ያገኘችው ረዳቱ ሩሐማ ናት፤ ጮኻ ሰው ሰብስባ ሳታበቃ የተሰበሰበው ሰው ገዳይ አድርጓት አረፈ። በሩ ሲስቡት ራሱ የሚቆለፍ ነው፤ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። ዓርብ ዕለት ደግሞ ኮሪደር ላይ «ብታወጣው አልለቅህም!» ብላ ስትጮህበት ግማሹ ኮሌጅ ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ሸዋዬ ስትደርስ ልጅቱ በካቴና ታስራለች። የሟቹ ሚስት የየሻሽወርቅ ጥፊ ጉንጯ ላይ ቀልቷል።

«ማን እሰሩ አላችሁ?»

«አለቃ ናቸው» አለ አንዱ ፖሊስ። «ነገ ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል።»

«አለቃ ሬሳውን አይተውታል?»

 ሸዋዬ ሰው ለማስደሰት የተፈጠረች ሴት አይደለችም። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ኮሶ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ ኮሶ ቢመርም ሆድ ያጠራል ብላ ትስቃለች።

ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ኮምፒውተርና ያልታጠበ ምሳ ዕቃ አለ። ምሳ ዕቃውን አንስታ አሸተተችው፤ ሽሮ ነው። ሐኪሙ ስለ ሞቱ ሰዓት ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። ከቅዳሜ ምሳ በኋላ ነው ከማለት አላለፈም።

ሌሎቹ ግን ከሐኪሙ ይልቅ እርግጠኞች ነበሩ። ምናሴ ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ብሎጉ ላይ ጽሑፍ አውጥቷል፤ ስለዚህ ማታ በሕይወት ነበር። ሰውዬው ትምህርቱን በብሎግና በቴሌግራም ለማንም በነፃ ማቅረብ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ተማሪ ወደደው፣ መምህራኑ ጠመዱት። በዚህች አገር ባልንጀራው ሲመሰገን ጥርሱን የማያመው ስንት ነው? ምናሴ ጽሑፉን የሚጀምረው ምሳውን ምን እንደበላ በመቀለድ ነበር። የቅዳሜውም እንዲሁ ይጀምራል፦ «ዛሬ ዱለቴን ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ የሐይቁን ነፋስ እየተቀበልሁ ይህን እጽፍላችኋለሁ…»

ሸዋዬ ይህን ሁለቴ አነበበችና ምሳ ዕቃውን እንደገና አየችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሩሐማን ነው።

«ዓርብ ዕለት ምኑን እንዳያወጣ ነበር የጮኽሽበት?»

«አልናገርም። ከተናገርሁ ሥራዬም ስሜም አለቀ።»

«ካልተናገርሽ ዕድሜሽ እስር ቤት ያልቃል።»

«አልገደልሁትም። ሌላ የምነግርዎት የለኝም» አለችና ፊቷን አዞረች። ቅዳሜ ማታ ብቻዋን ቤቷ ነበረች፤ መስካሪ የላትም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መምህር መልካሙ ሽቶ እየሸተቱ ገቡ።

«ጠብ ነበራችሁ ይባላል» አለች ሸዋዬ።

«ነበረን፤ ምን እደብቃለሁ! ትምህርትን የስልክ ጨዋታ አደረገው። ቅዳሜ ማታ ግን ቤቴ የማኅበር ጽዋ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው ይመስክር።»

«ቀደም ብሎስ፣ ከምሳ በኋላ?»

«ለማኅበሩ ዕቃ ስገዛ። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ከማብራትና ከማጥፋት በቀር አላውቅም። ብሎጉንም ሰው ሲያነብልኝ ነው የምሰማው።»

«ዱለት ይወድ ነበር?»

«ምናሴ? ቅዳሜ ያለ ዱለት ያልፍለታል እንዴ!»

የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ካህንና የዜማ መምህር መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ደግሞ ከመቀመጣቸው ተቆጡ። ምናሴ ዜማቸውን ቀርጾ በብሎጉ አውጥቶባቸዋል።

«ልጄ፣ ደቀ መዛሙርቴ ጉባኤውን ትተው ስልክ ታቅፈው ቀሩ። ዓርብ እዚሁ መጥቼ ረግሜዋለሁ። አልዋሽሽም።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«ማኅሌተ ጽጌ ቆሜ አደርሁ። ከሰዓት ለሌሊቱ ብዬ ብቻዬን ተኝቼ ነበር።»

መጨረሻ የገባችው የሻሽወርቅ ናት። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ምሳውን ማን ቋጠረለት?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊቋጥርለት ነው? ልጅቱን ይዛችኋል፤ እኔን ምን ትመረምሪኛለሽ? ማታ ሲቀር እንደ ልማዱ ሲቀርጽ ያደረ መስሎኝ ከልጄ ጋር ተኝቻለሁ።»

«ቅዳሜ ሽሮ ለምን ሆነ?»

የሻሽወርቅ ነጠላዋን ሰበሰበች። «የቤቴን ነገር አደባባይ አላወጣም» ብላ ተነሳች።

ሸዋዬ የቀረውን ቀን ብሎጉን ወደ ኋላ ስታነብ ዋለች። በክረምቱ ጽሑፎች ዱለት፣ ክትፎ፣ ቅቅል ተራ በተራ ይመጣሉ። ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ግን ስለ ምሳ አንድም ቃል የለም፤ የቅዳሜው ሲቀር። ከታች ደግሞ «የክረምት ሥልጠና» የሚል ገጽ አገኘች። እሱን አንብባ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

ሰኞ ጠዋት፣ ሩሐማ ፍርድ ቤት ከመወሰዷ በፊት፣ አራቱንም አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደጁ ላይ መምህራንና ተማሪዎች ተጋፍተዋል።

«ምናሴ ቅዳሜ ዱለት አልበላም» ብላ ጀመረች። «የሻሽወርቅ፣ ዛሬ ካልተናገርሽ ያልገደለ ሰው ይታሰራል። ሽሮው ለምን ነበር?»

የሻሽወርቅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። «ጽጌን እየጾመ ነበር። አምና ልጃችን ታማ ተስሎ ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ለሰው እንዳትነግሪ፣ ዋጋዬን ታሳጪኛለሽ አለኝ።»

«ስለዚህ ስለ ምሳው መጻፍ አቆመ» አለች ሸዋዬ። «ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ፣ የንስሐ አባቱ መሪጌታ… ሩሐማም ከምሳ ዕቃው አብራው ትበላ ነበር።»

«እንግዲህ ያን ጽሑፍ የጻፈው ምናሴ አይደለም፤ ከእነዚህ ከሦስቱም አንዳቸው አይደሉም። ጾሙን የሚያውቅ ሰው ዱለት በላሁ ብሎ አይጽፍለትም። የጻፈው ቀልዱን የሚያውቅ፣ ግን ከእሱ ጋር ማዕድ የማይቀርብ ሰው ነው።»

መልካሙ ሳቁ። «ማታ ሲወጣ እኔ ሰው መሀል ነበርሁ እኮ!»

«ለዚሁ ነው የተጻፈው። ብሎጉ ጽሑፉን ቀን ተቀብሎ፣ በተባለው ሰዓት ማታ ራሱ ያወጣዋል። ገዳዩ በተከፈተው በምናሴ ኮምፒውተር ጽፎ በሩን ስቦ ወጣ፤ ለዚያ ቁልፍ አያስፈልግም። ምናሴ የሞተው ከሰዓት ነው። ማታ በሕይወት አስመስሎ ማቆየት የሚጠቅመው ማታ መስካሪ ያለውን ሰው ነው። ሩሐማ መስካሪ የላትም፤ የሻሽወርቅም ከልጇ በቀር መስካሪ የላትም። መሪጌታ መስካሪ አላቸው፤ ጾሙን ግን ያውቃሉ። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ኮምፒውተር እንደማላውቅ ነግሬሻለሁ!»

«ክረምት ላይ ምናሴ መምህራኑን ሲያሠለጥን፣ መልመጃው ጽሑፍ አዘጋጅቶ በነጋታው እንዲወጣ ማድረግ ነበር። የእርስዎ መልመጃ እስካሁን ብሎጉ ላይ አለ፤ በስምዎ። ጥሩ ተማሪ ነበሩ።»

ደጁ ላይ ሹክሹክታ ተነሳ። መልካሙ ላባቸውን ጠረጉ። «ግምት ነው! ምን ቆርጦኝ እገድለዋለሁ?»

 ሸዋዬ ወደ ሩሐማ ዞረች። «ዓርብ እንዳያወጣ የጮኽሽበትን አሁን ትነግሪናለሽ?» አለቻት፤ አላዘዘቻትም። ልጅቱ የታሰሩ እጆቿን ተመለከተች፤ ከዚያ ኃላፊዋን። 

«መጽሐፋቸው የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ከሽፋኑ በቀር ሁሉም የእኔ ነው። ምናሴ ደርሶበት ላውጣው አለኝ። እኔ ፈራሁ፤ ያባርሩኛል፣ ማን ያምነኛል ብዬ ለመንሁት፣ ጮኽሁበት። እንቢ አለኝ።»

«ዝም በይ!» መልካሙ ወንበሩን ገልብጠው ተነሱ። «እኔ ባላሳትመው ማን ያነብልሽ ነበር? አንቺን ማን ያውቅሻል? እሱም እንዳንቺው አፉን ከፈተብኝ፤ ሰኞ አገር ያውቅሃል አለኝ!»

ይህን ካሉ በኋላ የቀረው ለማንም ግልጽ ነበር፤ ለራሳቸውም። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ሲይዟቸው አልታገሉም። ትናንት ሩሐማን «ነፍሰ ገዳይ» ሲል የነበረው ሕዝብ አሁን እሳቸው ላይ ያንኑ ይጮህ ጀመር፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ሸዋዬ ካቴናውን ራሷ ፈታችው። «ነፃ ነሽ። አለቃን እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሩሐማ አንጓዋን እያሻሸች ቆመች። የሻሽወርቅ መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል በሁለት እጇ ይዛ አስቀረቻት።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ስለ እሱ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም እትዬ።»

የሻሽወርቅ አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ሩሐማም የያዘችውን ክንድ ሳትለቅ አብራት አለቀሰች።